ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ራውተር፦ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ ለሚሠሩ የጂኤል አይኔት ቤሪል ኤኤክስ ግምገማ

በሰው አገር ቤት ተከራይቶ በርቀት የሚሠራ ሰው ማረፊያ በቀየረ ቁጥር አዲስ ዋይፋይ ይገጥመዋል። አንዱ የይለፍ ቃል ብቻ ይጠይቃል፤ ሌላው ገጽ ከፍቶ ስምና የክፍል ቁጥር ያስሞላል፤ ሦስተኛው ከሁለት መሣሪያ በላይ አላስገባም ይላል፤ አራተኛው ሳሎን ላይ ሙሉ ሆኖ መኝታ ክፍል ሲደርስ ይጠፋል። የግል ላፕቶፕ፣ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ፣ ስልክና ታብሌት የያዘ ሰው ይህን ሁሉ አመል በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ለየብቻ መጋፈጥ አለበት። ጂኤል አይኔት የተባለው ኩባንያ ቤሪል ኤኤክስ ብሎ የሚሸጠው ትንሽ ራውተር፣ በሞዴል ቁጥሩ ጂኤል-ኤምቲ3000፣ ጣጣውን ወደ አንድ ቦታ ይሰበስበዋል። ከእንግዳው ኔትወርክ ጋር የሚታገለው እሱ ነው፤ የእናንተ ዕቃዎች በሄዳችሁበት ሁሉ የሚያውቁትን ያንኑ የዋይፋይ ስም አግኝተው ራሳቸው ይገናኛሉ።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ማረፊያውን ቶሎ ቶሎ ለሚቀይርና እንጀራው በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ለተመሠረተ ሰው ይህ ዕቃ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይገባዋል። ደካማ ኢንተርኔትን ጠንካራ ያደርግልኛል ብሎ የሚገዛው ግን ያዝናል። የሚገባው 5 ሜጋቢት ከሆነ የሚወጣውም ከ5 አይበልጥም።

ክብደቱ 196 ግራም፣ መጠኑ 120 በ83 በ34 ሚሊሜትር ነው፤ ከላፕቶፕ ቻርጀር ጎን ይቀመጣል። ሁለት የሚታጠፉ አንቴናዎች አሉት። ኢንተርኔት የሚገባበት የኤተርኔት መሰኪያ እስከ 2.5 ጊጋቢት ይቀበላል፤ ወደ ላፕቶፕ የሚወጣው ሁለተኛው ባለ 1 ጊጋቢት ነው። አንድ ዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ ለስልክ ወይም ለፍላሽ ዲስክ ይሆናል፤ ታይፕ ሲው ግን ለኃይል ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለሁለት ኮር 1.3 ጊጋኸርዝ፣ ራሙ 512 ሜጋባይት ነው። ዋይፋይ 6 ሲሆን በ2.4 ጊጋኸርዝ እስከ 574፣ በ5 ጊጋኸርዝ እስከ 2402 ሜጋቢት በሰከንድ ይላል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ ወረቀት ቁጥር እዩአቸው፤ በተከራያችሁት ክፍል የሚወስነው የባለቤቱ መስመር ነው። ውስጡ ሲሞቅ የሚነሳ ትንሽ ማራገቢያ ስላለ መጋረጃ ሥር ወይም ትራስ ላይ አትተዉት፤ የአየር መውጫው ክፍት ይሁን።

ኃይል ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ራውተሩ 5 ቮልት በ3 አምፒር ይፈልጋል፤ አብሮት የሚመጣው ቻርጀር ይህን ይሰጣል። ሶኬት ለመቆጠብ ተብሎ ከላፕቶፕ ዩኤስቢ ሲሰካ ግን ተራው ዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ 0.9 አምፒር ብቻ ስለሚሰጥ፣ ራውተሩ መብራቱን አብርቶ ጤነኛ ይመስላል፤ ሥራ ሲበዛበት ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ትልቅ ፋይል መላክ ወይም ስብሰባ ስትጀምሩ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ከኢንተርኔቱ በፊት ቻርጀሩንና ገመዱን ጠርጥሩ። የራሱ ባትሪ የለውም። ባለ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በመቀየር የሚባክነው ሲቀነስ ራውተሩ በሙሉ አቅሙ ቢሠራም ወደ 4 ሰዓት ያህል ያቆመዋል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ጥሩ መጠባበቂያ ነው፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የባለቤቱ ራውተርም አብሮ ስለሚጠፋ ኢንተርኔቱ ከስልክ መምጣት አለበት።

ኢንተርኔት ወደዚህ ዕቃ በሦስት መንገድ ይገባል፦ በገመድ፣ ሌላ ዋይፋይን በመቀበል፣ ወይም በስልክ። ገመድ ካለ ገመድ ይቅደም። ከባለቤቱ ራውተር ባዶ መሰኪያ ወደ ቤሪሉ የኢንተርኔት መግቢያ አንድ የኤተርኔት ገመድ ብትዘረጉ ግማሹ ችግር ይጠፋል። አስፈቅዳችሁ አድርጉት፤ የባለቤቱን ራውተር ነቅሎ የእናንተን በቦታው መሰካት ግን አያዋጣም። ብዙ የፋይበር መስመሮች በራውተሩ ውስጥ የተሞላ የተጠቃሚ ስም ወይም ልዩ ሴቲንግ ስለሚፈልጉ መስመሩ አይነሳም፤ ቴሌቪዥኑም አብሮ ሊቆም ይችላል። ሁለት ራውተር ተደራርቦ መሥራቱ ለስብሰባ፣ ለኢሜይልና ለፋይል ልውውጥ ምንም አይጎዳም።

ሁለተኛው መንገድ ሪፒተር የሚባለው ነው፤ የማረፊያውን ዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ ማሰራጨት። አብዛኛው ሰው ዕቃውን የሚገዛው ለዚህ ስለሆነ፣ አብዛኛው እሮሮም የሚመጣው ከዚሁ ስለሆነ በደንብ እንየው። ቤሪሉ ሁለት ሬዲዮ አለው፣ አንዱ ለ2.4፣ አንዱ ለ5 ጊጋኸርዝ። የማረፊያውን ዋይፋይ በ5 ተቀብሎ ላፕቶፑንም በዚያው በ5 ካገናኘ አንዱ ሬዲዮ መስማትና መናገሩን ይፈራረቅበታል፤ ፍጥነቱ በግምት ወደ ግማሽ ይወርዳል። የማረፊያው ዋይፋይ 30 ሜጋቢት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በ2.4 ተቀብላችሁ ላፕቶፑን በ5 አገናኙ፤ አየሩ ብዙ ዋይፋይ ካልተጨናነቀበት በስተቀር ይህ አደራደር ይረጋጋል። አፓርታማው በጎረቤት ዋይፋይ የታጨቀ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን ሞክሩ፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸውና ቶሎ ይሞላል።

በ5 ጊጋኸርዝ ስትቀበሉ አንድ ስውር ጣጣ አለ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ስለሆኑ፣ በእነሱ ላይ የሚያሰራጭ ራውተር ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ አድምጦ ራዳር አለመኖሩን ማረጋገጥ አለበት፤ ራዳር ከሰማ ደግሞ ቻናል ቀይሮ ይሄዳል። ቤሪሉ የተቀበለውን ቻናል ተከትሎ ማሰራጨት ግድ ስለሆነበት የማረፊያው ራውተር ቻናል በቀየረ ቁጥር የእናንተም ዋይፋይ ይወድቃል። ዋይፋዩ ድንገት ጠፍቶ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ራሱ የሚመለስ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መፍትሔው የማረፊያውን 2.4 መቀበል ወይም ገመድ ነው። ሴቲንጉ ላይ ያለበትን አገርም ያላችሁበት አድርጉት፤ የሚፈቀዱ ቻናሎች ከአገር አገር ይለያያሉ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ሰው ራውተሩን ሲግናል የሞተበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለምን አያሻሽልም ይላል። ራሱ በደንብ ያልሰማውን ሊያቀብል አይችልም። በስልክ የሲግናል መለኪያ አፕሊኬሽን እየለካችሁ ከ −67 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ፤ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል) የማይወርድበትን ቦታ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የክፍሉ በር አጠገብ ወይም ኮሪደሩን የሚያይ መደርደሪያ ይሆናል። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ያለውን ጥቂት ሜትር 5 ጊጋኸርዝ ይሸፍነዋል።

አሁን ወደ መግቢያ ገጹ እንምጣ፦ ሆቴልና የጋራ መሥሪያ ቦታ ላይ ብሮውዘር ሲከፈት ብቅ የሚለውና ስም ሞልታችሁ እስክትስማሙ ኢንተርኔት የማይለቀው። ገጹ እንዲመጣ ኔትወርኩ ብሮውዘሩ የድረ ገጹን ስም ይዞ አድራሻውን ሲጠይቅ ጥያቄውን ጠልፎ ወደ ራሱ ይመልሳል። ቪፒኤን (ግንኙነታችሁን አመስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ መስመር) ከበራ ወይም ራውተሩ የራሱን የተመሰጠረ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) ከተጠቀመ ጠለፋው አይሳካም፤ ገጹም አይመጣም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ቪፒኤኑን፣ ማስታወቂያ ማገጃውንና የመረጣችሁትን ዲኤንኤስ አጥፉ። በብሮውዘር የራውተሩን አድራሻ 192.168.8.1 ከፍታችሁ ከሪፒተር ዝርዝር የማረፊያውን ዋይፋይ ምረጡና ተገናኙ። ከዚያ በዚያው ላፕቶፕ በኤችቲቲፒኤስ ሳይሆን በተራ ኤችቲቲፒ የሚከፈት ማንኛውንም ድረ ገጽ ጥሩ፤ የተመሰጠረ ድረ ገጽ ብትጠሩ ብሮውዘሩ የደኅንነት ስህተት ብሎ ያቆመዋል። ገጹ ሲመጣ ሞልታችሁ ግቡ፣ በመጨረሻ ቪፒኤኑን መልሱ። አዳዲስ የፈርምዌር (የራውተሩ የውስጥ ሶፍትዌር) ስሪቶች ይህን ማጥፋትና ማብራት ለጊዜው ራሳቸው የሚያደርጉበት የመግቢያ ሁነታ አላቸው፤ ሞክሩት፣ እንቢ ካለ በእጅ ሥሩት።

ገጹ ጨርሶ እንቢ ካለ ሌላ በር አለ። እነዚህ ኔትወርኮች መሣሪያን የሚያስታውሱት በማክ አድራሻው፣ ማለትም ኔትወርክ ላይ በሚለይበት ቁጥር ነው። በስልካችሁ በቀጥታ ከማረፊያው ዋይፋይ ጋር ተገናኝታችሁ ገጹን ሞልታችሁ ጨርሱ፤ ከዚያ የስልኩን ማክ አድራሻ ወደ ራውተሩ ቅዱትና ስልኩን ከዚያ ዋይፋይ አስወጡት። ኔትወርኩ ራውተሩን እንደተፈቀደለት ስልክ ቆጥሮ ያስገባዋል። ሁለት ነገር እዚህ ላይ ያደናቅፋል። አንደኛ፣ ከአይኦኤስ 14 እና ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ስልኮች ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የተለየ የዘፈቀደ ማክ አድራሻ ስለሚያቀርቡ መቅዳት ያለባችሁ በስልኩ አጠቃላይ መረጃ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን በዚያ ዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ የሚታየውን ነው። ሁለተኛ፣ ስልኩን ካላስወጣችሁት አንድ አድራሻ የያዙ ሁለት መሣሪያዎች ኔትወርኩ ላይ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም እየገቡ እየወጡ ያስቸግራሉ። መሣሪያ በቁጥር የሚገድብ ሆቴል ላይም ራውተሩ እንደ አንድ ስለሚቆጠር ከኋላው ያሉት ዕቃዎች ሁሉ በዚያው ይገባሉ።

ሦስተኛው መንገድ ስልክ ነው። በዳታ ገመድ ዩኤስቢ መሰኪያው ላይ ሰክታችሁ ስልኩ ላይ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማጋሪያ) አብሩ፤ አይፎን ከሆነ «ይታመን?» ብሎ ሲጠይቅ ፍቀዱ። ካልታየ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ አንዳንድ ርካሽ ገመዶች ባትሪ ይሞላሉ እንጂ ዳታ አያሳልፉም። ትልቁ ጥቅም ሁለቱን መስመሮች በቅደም ተከተል ማሰለፍ መቻሉ ነው፤ ገመዱ ወይም ዋይፋዩ ሲሞት ራውተሩ ወደ ስልኩ ይሻገራል። የተከፈተ ስብሰባ በመሻገሪያው ቅጽበት ሊቆም ይችላል፣ ግን ተመልሶ ለመግባት ዋይፋይ መፈለግ አይኖርባችሁም። ስልኩ ላይ ያለው የኢሲም (ዲጂታል ሲም) ዳታ የሚለካ ከሆነ አስቡበት፦ የራስ ሰር ማሻሻያዎችና የፎቶ ምትኬ በዋይፋይ ላይ ያሉ እየመሰላቸው ጥቅሉን ይበሉታል። ላፕቶፑ ላይ ይህን ዋይፋይ «የሚለካ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት።

ቪፒኤን ላይ ዕቃው በእርግጥ ጎበዝ ነው። ዋየርጋርድና ኦፕንቪፒኤን ከሚባሉት የቪፒኤን ዓይነቶች አምራቹ በዋየርጋርድ እስከ 300፣ በኦፕንቪፒኤን እስከ 150 ሜጋቢት በሰከንድ ይላል፤ አንድ የቪዲዮ ስብሰባ በየአቅጣጫው ከ3 እስከ 4 ሜጋቢት ስለሚበቃው ማነቆው ራውተሩ አይሆንም። ዋየርጋርድን ምረጡ፤ የሴቲንግ ፋይሉን ከቪፒኤን አገልግሎት ሰጪያችሁ አውርዳችሁ ሜኑው ላይ መጫን ብቻ ነው። ከዚያ ከቪፒኤን ውጭ የሚወጣውን ሁሉ የሚያግደውን ቁልፍ አብሩ፤ አለዚያ ቪፒኤኑ ሲወድቅ ዕቃዎቻችሁ ሳታውቁ በእንግዳው ኔትወርክ በቀጥታ ይወጣሉ። በራውተሩ ጎን ያለው ተንሸራታች ማብሪያ ቪፒኤን እንዲያበራና እንዲያጠፋ ሊታዘዝ ይችላል። ምቹ ይመስላል፣ ሻንጣ ውስጥ ግን በቀላሉ ይገፋል። ምንም ሥራ አትስጡት።

አንዳንዱ ሰው የሚፈልገው የሚከፈልበትን ቪፒኤን ሳይሆን የገዛ ቤቱን መስመር ነው፦ አንድ ራውተር ቤት ትቶ ሌላውን ይዞ መዞር። ይህ ይሠራል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ግን የቤታችሁ መስመር እውነተኛ የሕዝብ አይፒ አድራሻ እንዳለው አረጋግጡ። የቤቱ ራውተር የተቀበለው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ኩባንያው ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ እያጋራ ነውና ከውጭ ሊደረስበት አይችልም። የሕዝብ አድራሻ ይሰጡ እንደሆነ ኩባንያውን ጠይቁ፤ ካልሰጡ ቴይልስኬይል የሚባለው የቪፒኤን አገልግሎት ያለ ሕዝብ አይፒም ያገናኛል። የዋየርጋርድ የተለመደ በር (ፖርት) 51820 ነው፤ የሚሄደውም ዩዲፒ በሚባለው የዳታ መላኪያ ዘዴ ስለሆነ አንዳንድ የሆቴልና የቢሮ ኔትወርኮች ያግዱታል፤ ለዚህ ተራ ድረ ገጾች በሚሄዱበት በቲሲፒ በር 443 የሚሠራ የኦፕንቪፒኤን ፋይል በመጠባበቂያ ያዙ። ቪፒኤኑ ተገናኝቶ አንዳንድ ድረ ገጽ ብቻ እየከፈተ ሌላው የሚንጠለጠል ከሆነ ችግሩ የፓኬት መጠን ነው፤ ኤምቲዩውን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን) ከ1420 ወደ 1280 አውርዱት።

የአድራሻ ግጭትም አለ። ቤሪሉ ከፋብሪካ ሲወጣ 192.168.8.1 ይጠቀማል፤ ብዙ የሁዋዌ የሞባይል ራውተሮችም ይህንኑ ይጠቀማሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ራውተሩ ውጭውንና ውስጡን መለየት አቅቶት ኢንተርኔት ይጠፋል። ቀድማችሁ ወደ 192.168.77.1 ዓይነት ያልተለመደ አድራሻ ቀይሩትና ተገላገሉ፤ ቤት የተተወው ራውተርም ከዚህ የተለየ አድራሻ ይኑረው።

ስለ ቪፒኤኑ ሁለት ነገር በግልጽ መባል አለበት። የትኛውም አገር ስትገቡ ሕጉን እዩ፤ ቪፒኤን የተገደበባቸው አገሮች አሉ። ሌላው፣ አሠሪ ያልፈቀደውን አገር ለመደበቅ ይህን ዕቃ የሚገዙ ሰዎች አሉ። አይሆንም። ላፕቶፕ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በአይፒ ብቻ አይደለም፤ ዙሪያውን ያሉትን ዋይፋዮች አይቶም ይለያል። የግብርና የሥራ ፈቃድ ጉዳይም በራውተር አይፈታም። መጀመሪያ በጽሑፍ አስፈቅዱ፤ ከዚያ ቪፒኤኑ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ለመጠበቅ ያገልግል።

ለማን አይሆንም? ስድስት ወር አንድ አፓርታማ ለሚቀመጥና ጥሩ ዋይፋይ ላለው ሰው አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ላፕቶፕ የተቀበለውን ዋይፋይ መልሶ በሆትስፖት ማሰራጨት ይችላል፤ ለአንድ ስልክና ታብሌት ይበቃል፣ ምንም አያስወጣም። ማክቡክ ግን ከዋይፋይ ወደ ዋይፋይ አያጋራም። በዋጋ ዝቅ ማለት የሚፈልግ የዚያው ኩባንያ ኦፓል አለለት፤ ዋይፋይ 5 ነው፣ ቪፒኤን ላይ ይዘገያል፣ ለኢሜይልና ለተራ ስብሰባ ግን አያንስም። ማንጎ የሚባለው ትንሹ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስላለው በታጨቀ አፓርታማ አይመከርም። በገመድ የሚገናኙ ዕቃዎች የበዙበት ደግሞ ስሌት ኤኤክስን ይይ፤ ሁለት የመውጫ መሰኪያ አለው፣ ዋየርጋርድንም በበለጠ ፍጥነት ያስኬዳል፣ ግን ይከብዳል።

ከገዛችሁት አየር ማረፊያ ላይ አትክፈቱት። ቤት ሆናችሁ ፈርምዌሩን አድሱ፣ ከሥሩ የተለጠፈውን የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ የዋይፋዩን ደኅንነት ወደ ደብሊውፒኤ3 ብቻ አታድርጉት፣ አሮጌ ዕቃዎች አይገቡምና ከደብሊውፒኤ2 ጋር ያለውን ቅልቅል ምረጡ። የስልካችሁን ሆትስፖት እንደ እንግዳ ዋይፋይ ቆጥራችሁ የሪፒተር ልምምድ አድርጉበት፤ ሴቲንጉ ሁሉ ሲያልቅ ምትኬውን ላፕቶፕ ላይ አስቀምጡ። መንገድ ላይ ነገር ከተበላሸ የዳግም ማስጀመሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመልሰዋል፤ የቪፒኤኑም ፋይል አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ የፋይሉ ቅጂ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ቦታ ላይ ይሁን።